ከመስመሩ የወጣ ለት

የኦማኗ ሙስካት እስከ 1970 ድረስ ማታ ማታ የምትቆለፍ ከተማ ነበረች። ፀሐይ ከጠለቀች ከሦስት ሰዓት በኋላ መድፍ ይተኮሳል፣ የግንቡ በሮች ይዘጋሉ። ከዚያ ወዲያ ውጭ የተገኘ ሰው ፋኖስ ይዞ፣ ማንነቱን በብርሃን እያሳየ ነበር የሚሄደው። በመላ አገሪቱ የነበረው አስፋልት አሥር ኪሎ ሜትር ያህል፣ ትምህርት ቤቱም ሦስት ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ጁላይ 23 ቀን ሱልጣን ቃቡስ አባታቸውን ሱልጣን ሰዒድ ቢን ተይሙርን አውርደው ሥልጣኑን ያዙ። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ጥር ላይ ስንደርስ ግን ወደ ራሳችን መመለሴ አይቀርም፤ ምክንያት አለኝ።)

በዚሁ ዓመት፣ ቃቡስ ዙፋን ላይ ከመውጣታቸው ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ ባሕሬን ውስጥ ሌላ ነገር ተጀምሮ ነበር። አራት ጎረቤታሞች፣ ባሕሬን፣ ኩዌት፣ ኳታርና ሳዑዲ አረቢያ፣ ተሰባስበው አንድ ዋንጫ አቆሙ። የባሕረ ሰላጤ ዋንጫ ይባላል፤ የአካባቢው ሰው ባጭሩ «ኸሊጂ» ይለዋል። የመጀመሪያውን ኩዌት ወሰደች፤ ቀጥሎም እየደጋገመች ወሰደች።

ኦማን የመጣችው በሦስተኛው ዙር፣ በ1974 ነው። ለብዙ ዓመታትም የሰንጠረዡ ግርጌ የእሷ መቀመጫ ሆኖ ቆየ። የኦማን ውጤት ሲነገር ሰው የሚጠይቀው ስንት አገባች ብሎ ሳይሆን ስንት ገባባት ብሎ ነበር። እንዲህ ያለ ቡድን ደጋፊ ግን ሌላው የማያውቀውን አንድ ነገር ያውቃል። ሁልጊዜ የሚጠቃ ቡድን ተመልካች ከአጥቂው ይልቅ የተከላካዩን ፊት ይለምዳል፤ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ኳሱ ያለው እሱ ዘንድ ነዋ!

በ1984 ሙስካት ዋንጫውን አስተናገደች፤ ኢራቅ ይዛው ሄደች። በዓመቱ እዚያው ሙስካት ውስጥ ቦሸር ላይ፣ ከ30 ሺህ በላይ ሰው የሚይዘው የሱልጣን ቃቡስ የስፖርት ማዕከል ተከፈተ። በ1996 ሙስካት ዳግም አስተናገደች፤ ያንን ደግሞ ኩዌት ወሰደችው። ድንኳኑን የምትጥለው ኦማን፣ ሙሽራው ሁልጊዜ የሌላ ቤት ልጅ።

በመካከሉ ከሩቅ አገር አንድ ያልተጠበቀ ወሬ መጥቶ ነበር። በ1995 ኢኳዶር ውስጥ በተካሄደው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ የኦማን ልጆች አራተኛ ወጡ፤ መሐመድ አል-ከሢሪ የሚባለው አጥቂያቸውም የውድድሩ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ ሽልማቱን ወሰደ። አዋቂዎቹ በጎረቤት ሲረቱ ልጆቹ ዓለምን ይረቱ ጀመር ማለት ነው። ያኔ አንድ ሰው እነዚህ ልጆች ሲያድጉ አገሪቱ የሚያስፈልጋት አጥቂ ሳይሆን በር ዘጊ ነው ቢል የሚሰማው አያገኝም ነበር።

በር ዘጊው የተገኘው ከእሳት አደጋ መኪና ላይ ነው። ዓሊ አል-ሐብሲ በሲብ አውሮፕላን ማረፊያ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነበር። በኦማን የግብ ጠባቂዎች አሠልጣኝ ሆኖ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ ጆን በሪጅ አየውና ይህ ልጅ አውሮፓ መጫወት አለበት ብሎ ሙጭጭ አለ። አል-ሐብሲ በ2003 ኖርዌይ ወደሚገኘው ሊን ክለብ ሄደ፤ ከዚያም እንግሊዝ አገር ቦልተን ገባ። በኸሊጂ ላይ ከ2003 ጀምሮ በተከታታይ አራት ጊዜ ኮከብ ግብ ጠባቂ ተብሏል። በዚህ ሰው ዙሪያ አንድ ትውልድ ተሰበሰበ፤ ፈውዚ በሺር፣ ዒማድ አል-ሖስኒ፣ ሰው ሁሉ «ካኖ» ብሎ የሚጠራው አሕመድ ሙባረክ፣ በድር አል-መይመኒ፣ ከኋላ ደግሞ ኸሊፋ ዓይልና መሐመድ ረቢዕ። ከኋላዎቹ አንዱ ሐሰን ዩሱፍ ሙዘፈር አል-ጌይላኒ ነበር፤ የመስመር ተከላካይ።

እዚህ ላይ ትረካውን ትንሽ ላቁመው። የመስመር ተከላካይ ምን ዓይነት ሰው ነው? የጨርቅ ኳስ ስንጫወት ባደግንበት ሰፈር «አንተ ኋላ ቁም» የሚባለው ልጅ ወይ ኳሱ የማይታዘዝለት ነው፣ ወይ ትንሽ ወንድም ሆኖ በልመና የገባ። ኋላ ከተባሉት መካከል ደግሞ ዳር ላይ የሚቆመው የባሰበት ነው፤ አንድ ጎኑ ሜዳ፣ አንድ ጎኑ ቦይ። ትልልቁ ሜዳ ላይ ሲደረስ ቦዩ የኖራ መስመር ይሆናል እንጂ ኑሮው ያው ነው። የመስመር ተከላካይ ከሁሉ ለተመልካቹ ይቀርባል። ስድቡን ቃል በቃል የሚሰማው፣ ኳስ ከውጭ ሊወረውር ሲመጣ ስሙ ተጠርቶ ምክር የሚሰጠው እሱ ነው። የተጋጣሚ ክንፍ ተጫዋች ካለፈው ጥፋቱ የእሱ፣ ክንፉን ካስቆመው ግን ምንም ስላልሆነ የሚያጨበጭብ የለም። ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ሲመላለስ የሚውለውም በዚያችው በአንድ መስመር ላይ ነው። ሰው እንዲያስታውሰው ከፈለገ አንድ ቀን ከመስመሩ መውጣት አለበት።

ኦማን በቼኩ አሠልጣኝ ሚላን ማቻላ ጊዜ መነሣት ጀመረች፤ በ2004 ለመጀመሪያ ጊዜ ለእስያ ዋንጫ በቃች። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ዶሃ ላይ በተካሄደው ኸሊጂ ስንት ዓመት ግርጌ ላይ የተቀመጠችው አገር ለፍጻሜ ደረሰች። ተጋጣሚዋ ባለቤቷ ኳታር ነበረች። አንድ ለአንድ ተለያዩና በመለያ ምት ኳታር አሸነፈች። ሽንፈቱን ብዙ ሰው እንደ ድል ቆጠረው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ነዋ። በጃንዋሪ 2007 አቡ ዳቢ ላይ ዳግም ለፍጻሜ ቀረቡ። ይህን ጊዜ ደግሞ የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች እስማኤል መጠር ባገባው አንድ ጎል አሸነፈቻቸው። ያኛውን እንደ ድል የቆጠረው ደጋፊ ይኼኛውን እንደ እርግማን ቆጠረው። ሁለት ጊዜ ደጁ ድረስ ሄዶ መመለስ፣ ሁለቱንም ጊዜ በባለቤቱ በራሱ ሜዳ ላይ!

ሦስተኛው ዕድል የመጣው ሙስካት ድረስ ነው። 19ኛው ኸሊጂ ጃንዋሪ 4 ቀን 2009 በቦሸሩ ስታዲየም ተከፈተ። አሠልጣኙ ለአፍሪካ ሰው እንግዳ አይደለም፤ በ1988 ካሜሩንን የአፍሪካ ዋንጫ ባለቤት ያደረገው፣ በ2008 ደግሞ ጋናን ሦስተኛ ያስወጣው ፈረንሳዊው ክሎድ ለርዋ ነበር። ከጋና ተነሥቶ በቀጥታ ኦማን ገባ። የመጀመሪያው ጨዋታ ከኩዌት ጋር ባዶ ለባዶ አለቀ። የጥንቷ ኩዌት፣ ሙስካት መጥታ ዋንጫ ይዛ የሄደችው ኩዌት ስለሆነች፣ በሌላ ጊዜ ቢሆን አቻው ያስደስት ነበር። ያን ጊዜ ግን ባለቤቷ ጎል ሳታገባ መክፈቷ ስታዲየሙን በጥርጣሬ ሞላው።

እኛ ገናን በምናከብርበት ሰሞን ኢራቅ መጣች። ኢራቅ የእስያ ሻምፒዮን ናት፤ ዋንጫውን ካነሣች ሁለት ዓመት አልሞላትም። ኦማን አራት ለባዶ አሸነፈቻት። ወጣቱ አጥቂ ሐሰን ረቢዕ ሦስቱን ብቻውን አገባ፤ በውድድሩ መጨረሻም በአራት ጎል ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ባሕሬን ደግሞ ሁለት ለባዶ ተሸኘች። ከተማው ሌላ ስም መጥራት አቆመ፤ ሐሰን፣ ሐሰን ብቻ። ሐሰን ሲባል ታዲያ አጥቂው ነው። ሌላኛው ሐሰን መስመሩ ላይ ነው ያለው፤ ሦስት ጨዋታ፣ አንድም ጎል አልገባበትም፣ ማንም አላነሣውም።

ለግማሽ ፍጻሜ ድልድሉ ኳታርን አመጣ። የዶሃዋን ኳታር።

የእንዲህ ዓይነት ጨዋታ ጠባይ የታወቀ ነው። ሁለቱም ይፈራራሉ። ኢራቅ ላይ ሦስት ጎል ያገባ ልጅ በቀላሉ አይለቀቅም፤ ሁለት ሰው ይመደብበታል። አማካዮቹ መላ ሲያጡ ኳሱ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ከኋላ ወደ ዳር ይሄዳል። የተጋጣሚ አሠልጣኝ ሌሊቱን ሲያሰላ ያደረው ስለ አጥቂዎቹ ነው፤ ስለ መስመር ተከላካይ ጎል ያሰበ የለም። ጨዋታው አንድ ለባዶ አለቀ። ጎሉን ያገባው ሐሰን ሙዘፈር ነበር።

ከሁሉም ጎሎች ይቺን ለብቻዋ የማነሣት ያለ ነገር አይደለም። ከ1974 ጀምሮ ኦማን በዚህ ውድድር ስትጠቃ ኖራለች፤ ያን ሁሉ ጥቃት የተሸከሙት ከኋላ የቆሙት ናቸው። አሁን አጥቂዎቹ ሲታሰሩ በሩን የከፈተው ከኋላዎቹ አንዱ ሆነ። ቡድኑን ለሦስተኛ ተከታታይ ፍጻሜ ያበቃው፣ የዶሃንም ዕዳ ያስከፈለው፣ ሙያው ጎል ማስቀረት የሆነ ሰው ነው። ከተማው የሚጠራው ሐሰን ለአንድ ሌሊት ተለወጠ።

ለአንድ ሌሊት ያልኩት በምክንያት ነው። ፍጻሜው ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ቅዳሜ ጃንዋሪ 17 መጣና ሁሉን ዋጠው። ተጋጣሚዋ ሳዑዲ አረቢያ ናት። በመደበኛው ጊዜ ጎል የለም። በጭማሪውም የለም። 120 ደቂቃ ሙሉ ሁለት አገር ትንፋሹን ውጦ ቆየና ነገሩ ወደ መለያ ምት ዞረ። ዶሃን ያየ የኦማን ደጋፊ መለያ ምት ሲባል ሆዱ ምን እንደሚል ለእኛ መንገር አያስፈልግም። ከአሥራ ሁለት ምት አንዱ ብቻ ነው የከሸፈው፤ የከሸፈውም የሳዑዲ ነው። ስድስት ለአምስት። ኦማን ለመጀመሪያ ጊዜ የባሕረ ሰላጤ ዋንጫ ባለቤት ሆነች። በውድድሩ ሁሉ፣ በአምስት ጨዋታ፣ በአል-ሐብሲ መረብ ላይ አንድም ጎል አላረፈም።

አሁን ወደ ጥር ልመለስ። ያ ቅዳሜ በእኛ ጥር 9 ቀን 2001 ዓ.ም. ነበር፤ በማግስቱ ከተራ ነው። በዚያ ሌሊት ሙስካት ውስጥ ለበዓሉ ነጭ ልብሱን ሲያወጣ ያመሸ ኢትዮጵያዊ ካለ፣ ውጭ የሚሰማው የመኪና ጥሩምባና እልልታ ለእሱ በዓል የመጣ ሳይመስለው አልቀረም። እኔን ግን የሚያስደንቀኝ ሌላ ነው። እኛም የራሳችንን ዋንጫ ያገኘነው በዚያው ሰሞን ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. እሑድ፣ የቃና ዘገሊላ ማግስት፣ አዲስ አበባ ስታዲየም። ግብፅን በጭማሪ ሰዓት አራት ለሁለት አሸንፈን የአፍሪካ ዋንጫን ወሰድን፤ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ጎል ያገቡትን ማንም ይዘረዝራቸዋል፤ ግርማ ተክሌ፣ ኢታሎ ቫሳሎ፣ መንግሥቱ ወርቁ። አሠልጣኙን ይድነቃቸው ተሰማንማ ማን ይረሳል? በስም ዝርዝሩ ላይ ከግብ ጠባቂው ከጊላሚካኤል ተክለማርያም ቀጥለው የሰፈሩትን ክፍሎም አርአያንና አስመላሽ በርሄን ግን የሚጠራቸው ስንቱ ነው? ዝርዝሩን በቃሉ የሚወጣ አዛውንት ካልተገኘ በቀር። በዚያ ዕለት በ75ኛው ደቂቃ ላይ ግብፅ በባደዊ ሁለተኛውን ስታገባ የተማረሩባቸው ሰዎች ነበሩ ብዬ አስባለሁ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጭማሪው መጨረሻ ሦስተኛ ስላልገባ ያመሰገናቸው ግን መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ሙዘፈር በዚህ ረገድ ከኛዎቹ የተሻለ ዕድል አለው። ከ2009 ዝርዝር ውስጥ አንድ መስመር የራሱ ነው፤ ኦማን 1፣ ኳታር 0፣ ከጎኑም ስሙ። ነገር ግን ትዝታ ሁልጊዜ ወደ ፍጻሜው ይሮጣል። ስለዚያ ዋንጫ ወሬ ሲነሣ መጀመሪያ የሚመጣው ጎል ያልገባበት አል-ሐብሲ ነው፤ ቀጥሎ አራት ያገባው ሐሰን ረቢዕ። ሦስተኛው ላይ አንዱ ቆም ይልና «ለፍጻሜው ያደረሰን ግን ማን ነበር?» ይላል። የመስመር ተከላካይ የሚታወሰው እንዲህ ነው፤ በጥያቄ።

ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ሁሉ ፈጠን ብሎ ይነገራል። በ2010 የመን ውስጥ ኦማን ከምድቧ ሳታልፍ ቀረች። በ2014 ሪያድ ላይ ኩዌትን አምስት ለባዶ ቀጥታ የ1970ዎቹን ቂም ተወጣች፤ ዋንጫው ግን አልመጣም። የመጣው በጃንዋሪ 5 ቀን 2018 ኩዌት ላይ ነው። ከኤምሬቶች ጋር ያለ ጎል ተለያይተው በመለያ ምት አምስት ለአራት። ግብ ጠባቂው ፋይዝ አል-ሩሸይዲ የዑመር ዐብዱረሕማንን ፍፁም ቅጣት ምት በመደበኛው ጊዜ ማብቂያ ላይ አዳነ፤ በመለያው ደግሞ ያንኑ ሰው ዳግም አከሸፈው። ተጫዋቾቹ ደስታቸውን ሊካፈሉ ወደ ደጋፊው ሲቀርቡ የመስታወቱ አጥር ተደርምሶ ብዙ ኦማናውያን ተጎዱ። ያን ሌሊትም የሚያስታውሰው ሰው በረኛውንና አጥሩን ነው።

ክለብ ላይ ሲመጣ ነገሩ ትንሽ ይለያል። አገር ተከላካዩን በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ነው የሚያየው፤ ክለብ ግን በየሳምንቱ ያየዋል። ሲብ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ያለበት የታላቋ ሙስካት ክፍል፣ በ1972 የተመሠረተ ክለብ አላት። የሊጉን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው ገና በ2020 ነው፤ ልጅ ሆኖ መደገፍ የጀመረ ሰው አያት ለመሆን ይበቃል። ከሁለት ዓመት በኋላ ኦክቶበር 22 ቀን 2022፣ በራሺድ ጃቢር አሠልጣኝነት ኳላላምፑር ድረስ ሄደው የማሌዥያውን ክለብ በገዛ ከተማው ሦስት ለባዶ አሸንፈው የእስያ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫን አመጡ፤ ይህን ያደረገ የኦማን ክለብ ከዚያ በፊት አልነበረም። በዚያ ዘመን የሲብ ሰው በግራ መስመር ላይ ዓሊ አል-ቡሰይዲን፣ መሐል ላይ ደግሞ መሐመድ አል-ሙሰለሚን ሲያይ ከርሟል። በየሳምንቱ ጨዋታ የሚያይ ደጋፊ ተከላካዩን በጎሉ አይደለም የሚያውቀው። በአሯሯጡ፣ ኳስ ሲያጣ እጁን በሚያነሣበት ሁኔታ፣ ክንፉን ወደ ደካማ እግሩ በሚገፋበት ብልሃት ነው። እንዲህ ያለው ትዝታ በዝርዝር ላይ አይሰፍርም፤ አጠገብ ለተቀመጠ ሰው ብቻ ነው የሚነገረው።

ጥር ደግሞ ኦማኖችን አልለቀቃቸውም። ጃንዋሪ 19 ቀን 2023፣ የጥምቀታችን ዕለት፣ ባስራ ላይ ከኢራቅ ጋር ሌላ ፍጻሜ ነበራቸው። ጠዋት በስታዲየሙ በር ላይ በተፈጠረ ግፊያ የሰው ሕይወት ጠፋ። ማታ ኦማን በመደበኛው ሰዓት ጭማሪ መጨረሻ ላይ በሰላሕ አል-የሕያኢ ፍፁም ቅጣት ምት አቻ ሆነች፤ በ119ኛው ደቂቃ ዑመር አል-ማሊኪ ሁለት ለሁለት አደረገ። ከዚያ በኋላ የመለያ ምት ይጠበቅ ነበር። የኢራቁ ተከላካይ መናፍ ዩኑስ ግን ሦስተኛውን አገባ። ኦማን በ2009 በተከላካይ ያገኘችውን በ2023 በተከላካይ አጣች።

ከሁሉ የሚከብደው የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ጃንዋሪ 4 ቀን 2025 ኩዌት ከተማ፣ የሙስካቱ ኸሊጂ በተከፈተ ልክ በ16ኛ ዓመቱ። አሠልጣኙ ያን ጊዜ የሲቡ ራሺድ ጃቢር ነበር። በግማሽ ፍጻሜው ሳዑዲን በአሥር ሰው ሁለት ለአንድ አሸንፈዋል፤ በፍጻሜው ባሕሬን ላይ በዐብዱረሕማን አል-ሙሸይፍሪ ጎል ቀድመው መርተዋል። በ78ኛው ደቂቃ መሐመድ መርሁን በፍፁም ቅጣት ምት አቻ አደረገ። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ከባሕሬን መስመር የተላከ ኳስ አል-ሙሰለሚን ነክቶ ወደ ገዛ መረቡ ገባ። ሁለት ለአንድ።

አል-ሙሰለሚ በዚያ ሰዓት በኦማን ማልያ ከአሥር ዓመት በላይ አስቆጥሮ ነበር፤ የ2018ቱንም ዋንጫ ካነሡት አንዱ ነው። ስንት ኳስ እንደመለሰ የቆጠረ የለም። ሙዘፈር ያገባባት መስመር በ2009 ዝርዝር ላይ እንዳለች ሁሉ፣ የእሱም ስም በ2025 ዝርዝር ላይ ከ80ኛው ደቂቃ ጎን ሰፍሯል፤ አጠገቡ በቅንፍ «በራሱ ላይ» ተብሎ።